18 ወር ለመድኃኒት ፍለጋ አይበቃም፦ ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለምርምር በጀትና ለተመራማሪዎች የደረጃ ዕድገት ውሳኔ ለሚሰጠው ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የፕሮቲን ላቦራቶሪውን ለመዝጋትና የምርምር ጊዜን በ18 ወር ለመገደብ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ወር በደረሰን ደብዳቤ፣ ከመጪው ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ማንኛውም የምርምር ፕሮጀክት በ18 ወር ውስጥ «የሚታይ ውጤት» ካላስመዘገበ በጀቱ እንደሚቋረጥ፣ እኛ የምንሠራበት የፕሮቲን ማጥሪያ ክፍል ለሌላ አገልግሎት እንደሚውልና ሥራችን «በኮምፒውተር ብቻ» እንዲቀጥል መወሰኑ ተገልጾልናል። የተቋሙን ስም እዚህ መጥቀስ አላስፈለገንም፤ ደብዳቤው የሚመለከታችሁ እናንተ ታውቁታላችሁ። በግልጽ ለመጻፍ የተገደድነው ቀደም ሲል በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባናቸው ሦስት ማመልከቻዎች ቁጥር ተሰጥቷቸው ከመቀመጥ ያለፈ ምላሽ ስላላገኙ ነው።

እኔ የዚህ ቡድን ከፍተኛ ተመራማሪ ነኝ። ሥራ የጀመርሁት በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የግራዋና የብሳና ቅጠል ወቅጬ በአልኮል እየዘፈዘፍሁ የወጣውን ውሁድ በመለየት ነበር። ያኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ውሁዱ ተሕዋሲውን መግደሉን ለካሁ፣ ግን የትኛውን አካሉን ይዞ ነው የሚገድለው? ይህን ሳያውቁ ፈዋሽነቱን ከመርዛማነቱ ለመለየት መሞከር በጨለማ መዳበስ ነው። መልሱን ፍለጋ ወደ ፕሮቲን አወቃቀር ጥናት ገባሁ፤ ለሦስተኛ ዲግሪዬ ባሕር ማዶ ተሻግሬ ሙያውን ተምሬ ተመለስሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን እዚሁ ጅማ አሳልፌአለሁ።

ውሳኔው ሥራውን በቅርብ ካለማየት የመጣ ስለሚመስለኝ ጥቂት ላብራራ። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ ሲታጠፍ በገጹ ላይ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ፤ አብዛኛው መድኃኒት የሚሠራውም ከእነዚህ ጉድጓዶች በአንዱ ገብቶ በመቀመጥ ነው። ለምጣዱ በልኩ ያልተሠራ አክንባሎ እንፋሎቱን ዳር ዳሩን እንደሚያስወጣ ሁሉ፣ ጉድጓዱን ያልገጠመ ሞለኪውልም ጥቂት ይይዝና ይለቃል። የጉድጓዱን ቅርጽ ለማወቅ ፕሮቲኑን በብዛት ማምረት፣ ማጥራት፣ ክሪስታል እንዲሆን ማድረግና በኤክስሬይ መመርመር ያስፈልጋል። አራቱም እርምጃዎች ይከሽፋሉ፤ ደጋግመውም ይከሽፋሉ። ጅማ ላይ ሆኖ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በቡናችን ውስጥ ያለው ካፌይን ኤ2ኤ በተባለው የአዴኖሲን ተቀባይ ፕሮቲን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚያሳየው የክሪስታል አወቃቀር የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሰው ቡና ሲጠጣ የኖረው ግን ስንት ዘመን ነው!

የመጀመሪያው ቅሬታችን የ18 ወሩ ገደብ ነው። ወባን እንውሰድ። አገራችን ለፋልሲፓረም ወባ ክሎሮኪንን በፋንሲዳር የተካችው እ.ኤ.አ. በ1998፣ ፋንሲዳርን ደግሞ በኮአርተም የተካችው በ2004 ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያለ የጅማ አካባቢ ሰው ምናልባት ሦስቱንም ውጦ ያውቃል። በፋንሲዳር ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ፒሪሜታሚን ሲሆን፣ የሚያግደውም ዳይሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝ የተባለውን የተሕዋሲውን ኤንዛይም ነው። በዚህ ኤንዛይም 108ኛ ቦታ ላይ ያለው ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ በአስፓራጂን ሲተካ፣ ተተኪው ስለሚበልጥ ክሎሪን የያዘውን የመድኃኒቱን ጫፍ ይገፋዋል፤ መድኃኒቱም ቦታው ይጠበዋል። ይህ በግልጽ የታየው ታይላንዳውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የኤንዛይሙን አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ2003 ካሳተሙ በኋላ ነው። ያንን ቅርጽ ተከትለው፣ መሰናክሉን በመተጣጠፍ የሚያልፍ ፒ218 የተባለ ውሁድ መሥራታቸውን ያሳወቁት ደግሞ በ2012 ነው። በመካከሉ 9 ዓመት አለ፤ በሰው ላይ የሚደረገው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። ታይላንድን የጠቀስሁት የራሷን ወባ በራሷ ላቦራቶሪ ለማጥናት የወሰነች አገር ስለሆነች ነው።

ወደ ኋላ ብንመለስም ያው ነው። ማክስ ፔሩትዝ የሂሞግሎቢንን አወቃቀር ፍለጋ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን፣ ከጆን ኬንድሩ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በ1962 ነው። ካይሮ የተወለዱት ዶሮቲ ሆጅኪን የኢንሱሊንን ክሪስታል በኤክስሬይ ማንሣት ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ አወቃቀሩን እስከፈቱበት እስከ 1969 ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። የጽሕፈት ቤታችሁ መስፈርት ያኔ ቢኖር ኖሮ የፔሩትዝ በጀት በ1939 በተቋረጠ፣ ክፍላቸውም የስብሰባ አዳራሽ በሆነ ነበር።

የራሳችንም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የአንድ ቀን አስተውሎት ነበር። ገዳዩን ሳፖኒን ለይቶ ማውጣት፣ ለሰውና ለከብት የሚያሰጋ አለመሆኑን ማስመስከር፣ ሌሎችን ማሳመን ግን ዓመታት ጠይቋል፤ ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ስለ እንዶድ በየመድረኩ በኩራት የሚናገር ጽሕፈት ቤት፣ 25 ዓመቱን ረስቶ አንዱን ቀን ብቻ ማስታወሱ ያሳዝነናል።

ሁለተኛው ቅሬታችን «በኮምፒውተር ብቻ» የሚለው ሐረግ ነው። ደብዳቤያችሁ እ.ኤ.አ. የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለዴቪድ ቤከር፣ ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር መሰጠቱን ጠቅሶ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የፕሮቲንን ቅርጽ ስለሚተነብይ ላቦራቶሪው ከእንግዲህ አያስፈልግም ይላል። ይህን ትንበያ የሚሠራውን አልፋፎልድ የተባለ ፕሮግራም በየዕለቱ እንጠቀምበታለን፤ ጥቅሙን የሚክድ ሰው በመካከላችን የለም። ከ200 ሚሊዮን በላይ የተተነበዩ አወቃቀሮች በነጻ መገኘታቸው፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን፣ ለእኛ ከማንም በላይ በረከት ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ የተማረው በላቦራቶሪ ከተለኩ አወቃቀሮች ነው። እነዚህ የተጠራቀሙበት የፕሮቲን ዳታ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት የያዘው 7 አወቃቀሮችን ብቻ ነበር፤ በ2023 ከ200,000 በላይ ደርሷል። በእያንዳንዳቸው ጀርባ ፕሮቲን ያጠራ፣ ክሪስታል የጠበቀ ሰው አለ።

አንዲት ተማሪያችን የምናጠናውን ኤንዛይም በአልፋፎልድ ስታስተነብይ ግንዱ በሙሉ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ ይህም ፕሮግራሙ በትንበያው እንደሚተማመን ያሳያል። መድኃኒት ይገባበታል ብለን የምንጠብቀው ጉድጓድ አፍ ላይ ያለው ተንጠልጣይ ክፍል ግን ብርቱካናማ ነበር። ብርቱካናማ ማለት ፕሮግራሙ ራሱ «እዚህ ላይ አትመኑኝ» ማለቱ ነው። እኛ በላቦራቶሪ ልንለካው የፈለግነው ያንኑ ብርቱካናማ ክፍል ነው፤ የተከለከልነውም እርሱኑ ነው። ሌላም ልጨምር። አርቲሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከመቋቋም ጋር የተያያዘው ኬልች13 የተባለው የወባ ተሕዋሲ ፕሮቲን ጫፉ ባለ ስድስት ክንፍ ውልብልቢት ይመስላል፤ በአገራችን ከተመዘገቡት ለውጦቹ አንዱ በ622ኛው ቦታ ያለው አርጂኒን በአይሶሉሲን መተካቱ ነው። ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቲሜተር የአርቲሚሲኒን ዘር ስለሆነ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የተለወጠውንና ያልተለወጠውን የኬልች13 ቅጂ ትንበያ ደራርበን ስናያቸው ለዓይን የሚታይ ልዩነት አላገኘንም፤ ተሕዋሲው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። በኮምፒውተር ጥሩ ነጥብ ያገኙ 20 ውሁዶችንም በሙከራ ቱቦ ፈትነን የምናጠናውን ኤንዛይም የነካው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በደካማው። አሥራ ዘጠኙን ወድቀዋል ያለን ኮምፒውተሩ አልነበረም።

ሦስተኛው መብራት ነው። ባለፈው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ ማታ በነጎድጓዱ መካከል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነበር፤ ናፍጣም ነበረው፤ የጄኔሬተሩ ክፍል ቁልፍ ግን በኃላፊው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ኃላፊው ደግሞ ለለቅሶ አጋሮ ሄዷል። ሰውየውን አንወቅስም፤ ለቅሶ መድረስ ወግ ነው። የምንወቅሰው ሁለተኛ ቁልፍ ለላቦራቶሪው እንዲሰጥ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀን መከልከላችንን ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍሉን የከፈተችው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ነበረች። ከማቀዝቀዣው ሥር የወጣው ውኃ በሩ ድረስ ደርሷል፤ ከዜሮ በታች 80 ማሳየት የነበረበት መለኪያ ከዜሮ በላይ 11 ይላል። የካርቶን ሣጥኖቹ ርሰው ተጣብቀዋል፤ በቱቦዎቹ ክዳን ላይ የተጻፈው ቀንና ስም ተዘርግቶ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል። ባለሙያዋ አንዱን ቱቦ ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየችኝ፤ እንደ ውኃ መጥራት የነበረበት ፈሳሽ እንደ አጓት ደፍርሷል። የተበላሸ ፕሮቲን እንደ ተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ነው፤ ወደ ነበረበት አይመለስም። በዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ የ4 ዓመት ሥራ ነበር።

በዚያው ዕለት ከንብረት ክፍል የመጣው ሠራተኛ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማቀዝቀዣው ራሱ ተበላሽቷል ወይ? አልተበላሸም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «የደረሰ ጉዳት የለም» ተብሎ ተጻፈ። ፕሮጀክታችን በ18 ወር ውጤት አላሳየም ሲባል ይህ መዝገብ አብሮ እንዲነበብልን እንፈልጋለን።

አራተኛው የግዢ አሠራር ነው። ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ፕሮፎርማ ብዙ ጊዜ ስላመለከትን አልደግመውም፤ አንድ ጉዳይ ብቻ ልጥቀስ። ከዜሮ በታች 20 ላይ መቀመጥ ያለበት ኤንዛይም ከታዘዘ በ11 ወሩ አዲስ አበባ ደረሰ። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ስላልተፈቀደልን አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሄዶ በሻይ ፔርሙዝ ውስጥ በበረዶ ከቦ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በሚነሣ አውቶቡስ ይዞት ተሳፈረ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በረዶው ወልቂጤ ላይ መቅለጥ ጀመረ፤ ጊቤ በረሃ ሲደርሱ ልጁ ከለስላሳ ሻጭ በረዶ ለምኖ ፔርሙዙን ሞላ፤ ሰኮሩ ላይ ደግሞ እንደገና። ጅማ ሲደርስ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነበር፤ እጄን አስገብቼ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ዕቃው ሞዴል 19 የተባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት ወደ ላቦራቶሪ መግባት አይችልም ተብሎ ከወረቀትና ከመጥረጊያ ጋር በንብረት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ 9 ቀን ተቀመጠ። በአሥረኛው ቀን ስንረከበው አይሠራም ነበር። ልጁ በፔርሙዝ ያዳነውን መደርደሪያው ገደለው።

አምስተኛውና ለወጣቶቹ ከሁሉ የሚከብደው የሙያ መንገዳቸው መዘጋት ነው። በዚህ ሙያ አንድ ተመራማሪ ከሚያበረክታቸው ነገሮች ዋናው፣ የለካውን አወቃቀር በዳታ ባንኩ ውስጥ አስመርምሮ ማስቀመጥ ነው፤ ማንኛውም የዓለም ተመራማሪ ከዚያ ወስዶ ይሠራበታል። የደረጃ ዕድገት መስፈርታችሁ ግን ለዚህ ዜሮ ነጥብ ይሰጣል። አንድ ውሁድ እንደማይሠራ በጥንቃቄ ማረጋገጥም አይቆጠርም፤ ውጤቱ ባለመታተሙ ሌላው ዓመታት ቆይቶ ያንኑ ውሁድ እንደ አዲስ ይፈትናል። ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ደግሞ ከነጭራሹ የዕድገት መሰላል የለም፤ ማቀዝቀዣውን የከፈተችው ባለሙያ በ12 ዓመት አገልግሎቷ አንድ ደረጃ አላደገችም።

በአፍሪካ እስካሁን ሲንክሮትሮን፣ ማለትም ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ግዙፍ መሣሪያ፣ ስለሌለ ክሪስታሎቻችንን የምናስለካው ባሕር ማዶ ነው፤ ለእኛ ቀረብ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2017 ዮርዳኖስ ውስጥ የተከፈተው ሴሳሚ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ማዕከላት በአንዱ ተወዳድረን የአንድ ቀን የጨረር ሰዓት በነጻ አግኝተን ነበር። የጉዞ ፈቃድ ስንጠይቅ «ሥልጠና ነው ወይስ ስብሰባ?» ተባልን። ሁለቱም አይደለም፤ ልኬታ ነው። በቅጹ ላይ ልኬታ የሚል ሣጥን ስላልነበረ ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ቆየና ፈቃዱ የጨረሩ ሰዓት ካለፈ በ6 ቀኑ ወጣ። ክሪስታሎቹን ያሳደገው ወጣት ፕሮቲን በማጥራት ከእኔ የተሻለ እጅ ነበረው። ዛሬ አዲስ አበባ ለአንድ መድኃኒት አስመጪ ሜዲካል ሪፕ ሆኖ ይሠራል፤ ሌሎች የፈለሰፉትን መድኃኒት ናሙና በቦርሳ ይዞ ክሊኒክ ለክሊኒክ ይዞራል። ደሞዙ ከእኔ ይበልጣል፤ አልፈርድበትም። ሲሰናበተኝ የክሪስታል ማሳደጊያ ሳህኖቹ ያሉበትን ክፍል ቁልፍ በር ላይ ሰጥቶኝ «ጠብታዎቹን በየሳምንቱ እዩልኝ» ነበር ያለኝ። ሳህኖቹ በመጪው ሐምሌ በሚዘጋው ክፍል ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ክፍሉን የመዝጋቱ ውሳኔ ሐምሌ 1 ቀን ሳይደርስ እንዲታገድና ውሳኔውን ያሳለፉት ኃላፊዎች ከማንኛውም ኮሚቴ በፊት አንድ ጠዋት መጥተው ክፍሉን እንዲያዩት። ለፕሮቲን አወቃቀርና ለመድኃኒት ፍለጋ ፕሮጀክቶች ቢያንስ 5 ዓመት እንዲፈቀድ፤ በየዓመቱ ግን እንድንገመገም፤ ከግምገማ አንሸሽም፤ ፕሮቲኑ ተመረተ ወይ፣ ጠራ ወይ፣ ክሪስታል ሆነ ወይ፣ ካልሆነስ ለምን ተብለን እንጠየቅ፤ ጠያቂዎቹ ግን ሙያውን የሚያውቁ ይሁኑ።

የጄኔሬተሩ ክፍል ሁለተኛ ቁልፍ በዚህ ሳምንት እንዲሰጠን። ይህ በጀት አይጠይቅም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን በራሱ የሚያስነሣ ማብሪያ ደግሞ በሚቀጥለው በጀት እንዲያዝ። ቅዝቃዜ የሚያስፈልጋቸው ዕቃዎች በደረሱበት ሰዓት በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣ ገብተው ሞዴል 19 እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲቆረጥላቸው፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ከወንበሩ ተነሥቶ የሚመጣው 200 ሜትር ነው። የነሐሴው መዝገብ ታርሞ የጠፋው ናሙና እንደ ጉዳት እንዲመዘገብ።

በዳታ ባንክ የተቀመጠ አወቃቀርና በአግባቡ የተረጋገጠ «አይሠራም» የሚል ውጤት በደረጃ ዕድገት መስፈርት ነጥብ እንዲሰጣቸው፤ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች የዕድገት መሰላል እንዲዘጋጅ፤ በውድድር ለተገኘ የጨረር ሰዓት የሚጠየቅ የጉዞ ፈቃድ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንዲያገኝና በቅጹ ላይ «ልኬታ» የሚል ሣጥን እንዲጨመር።

ለዚህ ደብዳቤ ምላሻችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በፕሮቲን አወቃቀርና መድኃኒት ፍለጋ ቡድን ተመራማሪዎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስም
የቡድኑ ከፍተኛ ተመራማሪ ኬሚስት
ጅማ

ግልባጭ
ለግዢና ንብረት አስተዳደር ክፍል
ለጄኔሬተር ክፍል ኃላፊ
ለቡድኑ አባላት በሙሉ